በካርዱ ጥግ ያለች ክብ

በዚያ ቀን በዩኒየኑ አዳራሽ የነበርነው እነዚህ ነን። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌታቸው መድረኩ ላይ፣ ከማይክሮፎኑ ኋላ ቆሞ ነበር፤ ማይክሮፎኑ እንደማይሠራ ቢያውቅም ከኋላው መቆም ይወድ ነበር። ከደሴ የመጣው የመረጃ ባለሙያ አቶ ሰይፉ ከግራው፣ ከላፕቶፑና ከፕሮጀክተሩ አጠገብ፣ አንድ እግሩን የኤሌክትሪክ ገመዱ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ገመዱ ካልተረገጠ ይላቀቃል። የቦርዱ ሊቀ መንበር ጋሽ ይመር ከፊተኛው ረድፍ ምርኩዛቸውን ተደግፈዋል። ከኋላቸው ከየቀበሌው የመጡት ተወካዮች ናቸው፤ ወንበር የደረሳቸው ተቀምጠው፣ ያልደረሳቸው ግድግዳውን ይዘው። ፋጡማ አሊ በሩ ላይ ነበረች፤ ግማሽ ሰውነቷ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ። እኔ ከካርዱ ቁም ሳጥን አጠገብ ቆሜያለሁ። ቁም ሳጥኑን ለጉባኤው ሲሉ ከመዝገብ ቤት አውጥተው አምጥተውት፣ «ኋላ ቀር አሠራር» የሚል ወረቀት ለጥፈውበት ነበር። ወረቀቱ ከራሴ ከፍ ብሎ ስለሆነ፣ ከበሩ ሆኖ ለሚያይ ሰው ስለ እኔ የተጻፈ ይመስላል።

አቶ እንድሪስ ሙሄ አልነበረም። ጉባኤው የተጠራው ግን እሱን ለመሸለም ጭምር ነው።

ነገሩን ከመነሻው ልናገር።

ዩኒየናችን ዋና ቢሮው መካነ ሰላም ነው። በዙሪያው ላሉ ቀበሌዎች ገበሬዎች ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ያከፋፍላል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ በመዝገብ ቤት ሥራ ገባሁ፤ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ አንዱ ስዛወር ቆይቼ መጨረሻዬ ዩኒየኑ ሆነ። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ካርድ አለ። በፊቱ ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ ይጻፋል። በጀርባው ደግሞ ዘርና ማዳበሪያ የወሰደበት ቀን፣ ያቀረበው ቅሬታ፣ ከስብሰባ የቀረበት ጊዜ። በየዓመቱ የሚወጣው የዘር ዝርዝር የሚገለበጠው ከነዚህ ካርዶች ነው። ካርድ የሌለው ሰው ዝርዝሩ ላይ አይገኝም። ዝርዝሩ ላይ ያልተገኘ ሰው ሰኔ ሲገባ መሬቱን እያየ ይቀመጣል።

ካርዶቹን በፊደል ተራ አላስቀምጥም ነበር። የማስቀምጣቸው በቅሬ ነው። ቅሬ በእኛ አገር ሙስሊም ክርስቲያን ሳይለይ ሟች የሚቀብር፣ ለቅሶ የሚደርስ የመንደር ማኅበር ነው። በአንድ ቅሬ ያሉ ሰዎች ካርዳቸውም በአንድ መሳቢያ ይተኛል። ይህን ያደረግሁት ለፍልስፍና አይደለም። ሰው ሲሞት ለእኔ ወሬው የሚደርሰኝ በቅሬው በኩል ስለሆነ፣ መሳቢያውን በቶሎ ለመክፈት ነው።

ሕጉ አባል ሲሞት ካርዱ ይዘጋ ይላል። ሚስቱ አባል መሆን ከፈለገች የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አምጥታ እንደ አዲስ ታመለክታለች። ማስረጃው እስኪወጣ አንድ የዘር ወቅት ያልፋል፤ አንዳንዴም ሁለት። እንድሪስ ሙሄ የሞተው ሰኔ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ለቅሶ ደረስኩ። ሚስቱ ፋጡማ ከአራት ልጆች ጋር ተቀምጣ ነበር። ስለ ዘር ምንም አላለችኝም። ብትለኝ ሕጉን እነግራት ነበር፤ ዝም ስላለች ግን የምመልሰው አጣሁ። ቢሮ ተመልሼ ካርዱን አወጣሁ። «ሞቷል» ብዬ መጻፍ ሲገባኝ እርሳስ አንስቼ በጥጉ ላይ ከሽምብራ የማትበልጥ ክብ ሠራሁና ወደ ቦታው መለስኩት። ለአንድ ወቅት ነው ብዬ ነበር። ፋጡማ ፍርድ ቤት ተመላለሰች። አንድ ጊዜ ዳኛው ተዛወረ፤ አንድ ጊዜ ፋይሉ ጠፋ፤ በመጨረሻ መመላለሱን ተወችው። ክቧ ስድስት ዓመት ቆየች፤ በሌሎች ስድስት ሟቾች ካርድ ላይም ክቦች ተጨመሩ። ያደረግሁት ስሕተት ነው። ያን ጊዜም አውቀው ነበር።

እንግዲህ አቶ ጌታቸው ከሥልጠና የተመለሰው በዚህ ላይ ነው። ከሥልጠና የተመለሰን ሥራ አስኪያጅ ሦስት ሳምንት ያህል መጠንቀቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይበርዳል። ይኼኛው አልበረደም። ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ ከእንግዲህ ወዲህ ዩኒየኑ በግምት ሳይሆን በመረጃ እንደሚመራ ነገረን። ለዚህም «የዩኒየኑ የአምስት ዓመት የመረጃ አያያዝ፣ አደረጃጀትና ትንተና ስትራቴጂያዊ ዕቅድ» ይዘጋጃል አለ። ስሙ እንደ ደሴ መንገድ ረጅም ነበር፤ መሐሉ ላይም እንደዚያው ያንገጫግጫል።

የመጀመሪያው ቀን ለራዕይ ተሰጠ። ግማሾቹ «በአገር ደረጃ ቀዳሚ» ይሁን አሉ፤ ግማሾቹ «በአፍሪካ ደረጃ»። ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ አፍሪካ ተስማማን። በዚያው ቀን ምርጥ ዘር የጫነው መኪና ከደሴ ተነሥቶ ነበር፤ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው ግን በአዳራሹ አልነበረም። ሹፌሩ በኋላ እንደነገረኝ ጭቃ ውስጥ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጥንካሬና ድክመት፣ መልካም አጋጣሚና ሥጋት በትልልቅ ወረቀት ተጻፉ። በጥንካሬ ሥር «ልምድ ያላት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መኖሯ» ተባለ። በሥጋት ሥር ደግሞ «መረጃው በአንዲት ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ መሆኑ» ተባለ። ወረቀቶቹ ግራና ቀኝ ተለጥፈው እኔ መሐል ተቀምጬ ዋልኩ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ሰይፉ መረጃ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ በሥዕል ሊያሳይ ተነሣ። ጸጉሩ ከፊት የሸሸ፣ ትሑት ሰው ነው። እማማ ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰውም እሱ ነው፤ አልወደድኩለትም።

«እማማ፣ የሟች አባላት መረጃ በምን ይደርስዎታል?»

«በጠሪ።»

«ጠሪ ማለት?»

«የቅሬው ጠሪ። ኮረብታው ላይ ወጥቶ ይጣራል።»

«ፎርም አይሞላም?»

«እየተጣራ?»

ትንሽ አሰበና ወረቀቱ ላይ ኮረብታ ሣለ። ከኮረብታው ወደ መዝገብ ቤት ቀስት ሠርቶ በቀስቱ ላይ «ድምፅ» ብሎ ጻፈ።

«ካልሰሙስ?»

«ለቅሶ ላይ እሰማለሁ።»

ሁለተኛ ቀስት ተጨመረ፤ በእሱም ላይ «ለቅሶ» ተባለ። ያ ሥዕል በስትራቴጂው አሥራ አራተኛ ገጽ ላይ ታትሞ እስከ ደሴ ሄዷል።

ከዚያ ካርዶቹ ወደ ኮምፒውተር መግባት ጀመሩ። እኔ አነባለሁ፣ አቶ ሰይፉ ይጽፋል። መብራት ሲጠፋ እንጠብቃለን፤ ሲመጣ፣ ከመጥፋቱ በፊት የጻፍነውን እንደገና እንጽፋለን። አሥር ቀን ያህል ከሄድን በኋላ የእንድሪስ ካርድ እጄ ላይ ወጣ። ድምፄን ሳልለውጥ አነበብኩት። አቶ ሰይፉ ግን አንገቱን አስግጎ አየው።

«ይቺ ክብ ምንድን ናት?»

«የእኔ ምልክት ናት።»

«ክብ የሚባል ዓምድ የለንም፤ እንለፋት» አለና አለፋት።

እዚህ ላይ ሞኝነቴን አልደብቅም። ደስ አለኝ። ስድስት ዓመት በደረቴ ይዤው የኖርኩትን ነገር ኮምፒውተሩ ሳያየው አለፈ። ሰባቱም ካርዶች እንዲሁ ገቡ። ከእኔ የተሻለ ምስጢር ጠባቂ አገኘሁ ብዬ በዚያ ሳምንት ደህና ተኛሁ።

ካርዶቹ ገብተው ሲያልቁ አቶ ጌታቸው ትንተና ይጀመር አለ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምርጡ አባላችን ማን ነው?» የሚል ሆነ። መስፈርቱ ሦስት ነው፦ ዘርና ማዳበሪያ በመጀመሪያው ቀን የሚወስድ፣ ቅሬታ አቅርቦ የማያውቅ፣ ከስብሰባ ያልቀረ። አቶ ሰይፉ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ከአንድ እስከ አሥር ስም ወጣ።

አንደኛ እንድሪስ ሙሄ ነበር። ከአሥሩ አምስቱ የእኔ ክቦች ናቸው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ኮምፒውተር አላስፈለገኝም። እነዚያ ሴቶች አንድ ቀን «ባልሽ የት አለ?» እንዳይባሉ ፈርተው ሳይነጋ ይሰለፋሉ። እርጥብ ማዳበሪያ ቢሰጣቸው ዝም ይላሉ። ስብሰባ ሲጠራ ይመጡና ከኋላ ይቀመጣሉ። እኔም በባሎቻቸው ካርድ ላይ «ተገኝቷል» እያልኩ ስጽፍ ኖሬያለሁ። አባሎቻችን በሕይወት እያሉ ይዘገያሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ከስብሰባም ይቀራሉ። ምርጦቹ የሞቱት ሆኑ።

አቶ ጌታቸው ወረቀቱን ይዞ ቢሮ ለቢሮ ዞረ። «አያችሁ! በግምት ብንሄድ ይህን ሰው እናገኘው ነበር?» ይላል። ስትራቴጂው በሚጸድቅበት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እንድሪስ የምስክር ወረቀትና ሬዲዮ እንዲሸለም ተወሰነ። የጥሪውን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ። ደንቡ ስለሆነም «ለአቶ እንድሪስ ሙሄ» ካልኩ በኋላ ከሥሩ «ባሉበት» ብዬ ጻፍኩ።

ወደ አቶ ጌታቸው ገባሁ።

«ሰውየው የሚመጣ አይመስለኝም» አልኩት።

«ለምን?»

«ያለበት ሩቅ ነው።»

«መኪና እንልካለን።»

«መኪና አይገባበትም።»

«በበቅሎ ይምጣ! እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ ለለውጥ እንቅፋት አይሁኑ።»

በቃ ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ጡረታዬ አንድ ወር ቀርቶታል። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ይህንንም የምጽፈው እንዳይቀር ነው።

በማግስቱ ደብዳቤውን ይዤ ፋጡማ ቤት ሄድኩ። ከደጅ ባቄላ ትፈለፍላለች። ትልቋ ልጇ ለሥራ ጅዳ ሄዳለች፤ የላከችው ስልክ ድምፁ በደንብ ይሰማ ይመስል በመስኮቱ ላይ ተሰቅሏል።

«አሰላሙ አለይኩም እትዬ፣ ደህና ነዎት? ምነው በደህና?»

አነበብኩላት። ባቄላው ከእጇ ወደቀ።

«ያረቢ! እንድሪስ?»

«አዎ።»

«የኔ እንድሪስ? በሕይወቱ አንድ ቀን ከጀንበር ቀድሞ ያልተነሣው እንድሪስ ቀዳሚ ተባለ?» አለችና ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ምን ልበላቸው?»

«ታሟል በያቸው።»

«ሊጠይቁት ይመጣሉዋ! ሥራ አስኪያጁ ሎሚና ስኳር ይዞ ሲመጣ ማንን ላስተኛለት?»

እውነቷን ነው። በእኛ አገር ታሟል የተባለ ሰው ከተሸለመ ሰው ይልቅ እንግዳ ይበዛበታል።

«ዓረብ አገር ሄደ በያቸዋ።»

«በስልሳ ዓመቱ?»

ከዚያ ዋናውን ነገር ራሷ አነሣችው።

«እትዬ፣ ካርዱ ከተሰረዘ የዘንድሮው ዘር ቀረ ማለት ነው?»

«ቀረ ማለት ነው።»

«መሬቱን ሁለቴ አርሼዋለሁ፤ አንድ ነው የቀረኝ።» ባቄላውን መልሳ መፈልፈል ጀመረች። «እመጣለሁ። ሬዲዮውን እቀበልና ዝም እላለሁ። እርስዎም ዝም ይበሉ። በዕድሜዎ መጨረሻ ስምዎ እንዳይነሣ፣ አደራ።»

እንግዲህ አዳራሹ ውስጥ ስንቆም እንዲህ ሆነን ነው የቆምነው።

አቶ ጌታቸው ወረቀቱን ከፍ አድርጎ፣ «በመረጃ ትንተና የተገኘ የዓመቱ አንደኛ ሞዴል አባላችን፣ አቶ እንድሪስ ሙሄ!» ብሎ ጠራ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሽ ይመርም ምርኩዛቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው አጨበጨቡ። ጋሽ ይመር የእነ እንድሪስ መንደር የቅሬ ዳኛ ናቸው፤ እንድሪስን ጉድጓድ ድረስ ያወረዱት በገዛ እጃቸው ነው። እሳቸው ሲያጨበጭቡ አይቼ ለአፍታ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አልኩ።

ፋጡማ ሰውን እየከፈለች ወደ መድረኩ መጣች።

«ባለቤታቸው ነዎት? አቶ እንድሪስ ምነው ቀሩ?» አለ አቶ ጌታቸው ሬዲዮውን እያስረከባት።

«አልተመቻቸውም።»

አቶ ሰይፉ እግሩን ከገመዱ ሳያነሣ አንገቱን ወደ እሷ ዘንበል አደረገ። «እንግዲህ ምስጢሩን ለሌሎች አባላት ያካፍሉልን። እንዴት አንደኛ ሆናችሁ?»

ፋጡማ አሰበች። መዋሸት አልለመደችም።

«በመጀመሪያው ቀን እመጣለሁ። የተሰጠኝን እቀበላለሁ። ዝም እላለሁ።»

«አቶ እንድሪስስ?»

«እሱም ዝም ይላል።»

አዳራሹ እንደገና አጨበጨበ። ፋጡማ ግን ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፤ ሬዲዮውን የያዙት እጆቿ ወደ ታች ወረዱ። ከዚያ በላይ መቆም አልቻልኩም።

«ግለ ሂስ አለኝ» አልኩ።

በዚያ ዘመን ግለ ሂስ አለኝ የሚልን ሰው የሚያቋርጥ አልነበረም። አቶ ጌታቸው እንኳ ማይክሮፎኑን ለእኔ ሊያቀብለኝ ከቦታው ነቀለው።

«አቶ እንድሪስ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ካርዱን ያልዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እሷ አላለችኝም። ማሳውን ያረሰች፣ ዘሩን የወሰደች፣ ስብሰባ የመጣችው ፋጡማ ናት። «ተገኝቷል» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ጌታቸው ወደ ጋሽ ይመር ዞረ።

«ጋሽ ይመር፣ እውነት ነው?»

«አዎ፣ እኔው ነኝ የቀበርኩት። ደህና አድርገን ነው የቆፈርነው።»

«ታዲያ ለምን ያጨበጭባሉ?»

«ኮምፒውተሩ ነው ያወጣው አላችሁን። ሌላ እንድሪስ ያገኘ መሰለኝ።»

ከግድግዳው በኩል አንዱ፣ «እኛም ጋሽ ይመር ሲያጨበጭቡ አይተን ነው» አለ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

አቶ ጌታቸው ፊቱ ጠቆረ። ካርዱ ዛሬውኑ እንዲዘጋ፣ ሴትዮዋም ከፍርድ ቤት ማስረጃ አምጥታ በሚቀጥለው ዓመት እንድታመለክት ተናገረ። ፋጡማ ሬዲዮውን መድረኩ ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

በዚህ ጊዜ አቶ ሰይፉ እግሩን አነሣ። ገመዱ ተላቀቀ፤ ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ያበራው የእንድሪስ ስም ጠፋ።

«መረጃው አልተሳሳተም» አለ። «ይህን ሁሉ የሠራ ሰው አለ፤ እዚህ ቆሟል። የተሳሳተው ስሙ ነው።»

«ሕጉስ?» አለ አቶ ጌታቸው።

ጋሽ ይመር ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «የፍርድ ቤቱን አላውቅም። ቅሬያችን ግን እንድሪስን በቀበርን በሦስተኛው ቀን እሷን በቦታው አስገብቷታል። ስድስት ዓመት ለቅሶ ስትደርስ፣ ንፍሮ ስታመጣ ኖራለች። እናንተ መረጃ ከቅሬ ይመጣል ብላችሁ ኮረብታ ሣላችሁ የለም እንዴ? ይኸው መረጃው መጣ። ጠቅላላ ጉባኤው የሁሉ የበላይ ነው፤ የምትደግፉ እጅ አውጡ።»

እጆች ወጡ። መቁጠር አላስፈለገም።

እኔ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ የቀሩትን ስድስት ካርዶች አወጣሁ፤ አንዴ ከጀመርኩ አይቀርም ብዬ ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራሁ። በጠራሁ ቁጥር ከወንበሩ መሐል የየቅሬው ሰው ይነሣና «ቀብረነዋል» ይላል። አንዳንዱ «ነፍስ ይማር» አለ፤ አንዳንዱ «አላህ ይማረው» አለ። ለጭብጨባ የተሰበሰበው ሰው ኮፍያውን አወለቀ። ለስድስቱም ሚስቶች እጅ ወጣ።

ቃለ ጉባኤ ያዡ፣ «ይህን በየትኛው አጀንዳ ሥር ላስገባው?» ብሎ ጠየቀ።

አቶ ጌታቸው ወደ እኔ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

«እትዬ፣ መዝገብ ያጭበረበረ ሠራተኛ በመዝገብ ቤት ሊቆይ አይችልም። የቀረውን አንድ ወር እቤትዎ ይቁጠሩት። ቁልፉን ዛሬ ያስረክቡ።»

«ልክ ነህ» አልኩት።

ከማስረከቤ በፊት እስክሪብቶ ለመንኩና በእንድሪስ ስም ላይ አንድ መሥመር አሰመርኩ። ከላዩ ፋጡማ አሊ ብዬ ጻፍኩ። ክቧን በላጲስ አጠፋኋት፤ ስድስት ዓመት ቆይታ ስለነበር ትንሽ ጥላ ቀረ። ካርዱን ወደ መሳቢያው መልሼ ቁልፉን ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩ።

በሩ ጋ ፋጡማ ጠበቀችኝ። ሬዲዮውን አቅፋለች።

«አፉ ይበሉኝ እትዬ፣ በእኔ ጦስ…» አለችና ተወችው። ከዚያ፣ «ዘሩ የሚታደለው መቼ ነው?» አለች።

«ማክሰኞ ይጀመራል። አንቺ ግን ረቡዕ ነይ። ረቡዕም ብትመጪ ይደርስሻል።»

ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።